ሮሌክስ የሚል ፊት አልገጥምም፣ አትለምኑኝ

ይሄ ፖስት ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። በውስጡ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰዓት እንደምገጣጥም ፎቶ ለጥፌ ካሳየኋችሁ ወዲህ ኢንቦክሴን ሁለት ዓይነት ሰው ያንኳኳዋል። አንደኛው «ቲቸር፣ እጅዎት ይባረክ፣ ለእኔም አንድ ይስሩልኝ፤ ፊቱ ላይ ግን ሮሌክስ የሚል ይሁን» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ይሄ እኮ ስራ አይደለም፣ ከቻይና የመጣ ዕቃ መገጣጠም ነው፣ ያው ፎርጅድ ነው» ይለኛል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ተቃራኒ ይመስላሉ። ለእኔ ግን አንድ ናቸው። ሁለቱም ሰዓት ማለት ፊቱ ላይ የተጻፈው ስም ነው ብለው ያምናሉ። አንዱ ስሙን ስለፈለገ እንድዋሽለት ይለምነኛል፣ ሌላው ስሙን ስላጣው ይንቀኛል። ዛሬ ለሁለቱም በአንድ ላይ መልስ ልስጥና ልገላገል።

ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ነገሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ምን ላድርግ፣ አስተማሪነት አልለቅህ ብሎኛል።

የሰዓት ልቡ ማሽኑ ነው። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምጠቀመው ኤን ኤች 35 የሚባለውን ነው። የጃፓኑ ሴኮ ቡድን ሰርቶ ለሌሎች ሰዓት አምራቾችም የሚሸጠው ማሽን ነው፤ ያንኑ ማሽን ሴኮ በራሱ ሰዓቶች ውስጥ ሲያስገባው 4አር35 ይለዋል። ስፋቱ 27.4 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 5.32 ሚሊ ሜትር ነው። ውስጡ 24 ሰው ሰራሽ ሩቢ አለ፤ ለጌጥ አይደለም፣ የሚሽከረከሩት ዘንጎች ቶሎ እንዳይበሉ የሚያርፉባቸው ድንጋዮች ናቸው። ባትሪ የለውም። እጃችሁን ስታወዛውዙ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ክብደት ትዞርና ሞላውን ታጠነክረዋለች፤ አውልቃችሁ ብታስቀምጡት 41 ሰዓት ያህል ይሄዳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 21,600 ጊዜ ይመታል፣ በሰከንድ ስድስት ማለት ነው። ይህን ማሽን እኔ አልሰራሁትም፣ ሰራሁትም ብዬ አላውቅም።

የእኔ ስራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ፊቱ (ዳያል የምንለው) 28.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ቆርቆሮ ነው፤ ከስሩ ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሉት፣ ማሽኑ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ጋር መግጠም አለባቸው። የሰዓቱ መሙያ 3 ቁጥር አጠገብ ከሆነ የእግሮቹ ቦታ አንድ ነው፣ 4 አጠገብ ከሆነ ሌላ ነው። አንዳንዱ ሰነፍ እግሩን ቆርጦ በሁለት ፊቱ በሚያጣብቅ ፕላስተር ይለጥፈዋል። ይይዛል፣ አዎ፣ እስኪወድቅ ድረስ።

ከዚያ ቆጣሪዎቹ ይመጣሉ። የሰዓት ቆጣሪው ቀዳዳ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ የደቂቃው 0.9፣ የሰከንዱ 0.2 ነው። 0.2! ያቺን በወረንጦ ይዞ ፀጉር በምታክል ዘንግ አናት ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ሳይጣመም መጫን ነው። ማሽኑ ቀን የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ መሙያውን ስባችሁ ቀኑ ጠቅ ብሎ እስኪቀየር ታዞራላችሁ፣ ልክ በተቀየረባት ቅጽበት ቆጣሪዎቹን 12 ላይ ታሳርፋላችሁ። ይህን የዘለለ ሰው ቀኑ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሚቀየር ሰዓት ያስራል። ሦስቱ ቆጣሪዎች አንዱ ሌላውን ሳይነካ፣ የላይኛውም መስታወቱን ሳይነካ መዞር አለባቸው። አቧራውንማ ተዉት። ሁሉም ነገር አልቆ፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ መስታወቱ ስር አንዲት የጨርቅ ቃጫ ስታዩ የሚሰማችሁን የሚያውቅ ያውቀዋል።

የመሙያው ዘንግ ረጅም ሆኖ ነው የሚመጣው። ለቀፎው ልክ መቁረጥ የእናንተ ፋንታ ነው፤ ትንሽ አስረዝሞ መቁረጥ፣ ከዚያ በሞረድ እየሞረዱ እየሞከሩ መጨረስ። ከልኩ በታች የቆረጠው ሌላ ዘንግ ይገዛል። ከክዳኑ በፊት የጎማ ቀለበቱን በሲሊኮን ቅባት ማሸት አለ። በመጨረሻ ማይክሮፎን ያለው መለኪያ ላይ ይቀመጥና ምቱ ይሰማል። የማሽኑ አምራች የሚሰጠው ልክ በቀን ከ20 ሰከንድ ወደኋላ እስከ 40 ሰከንድ ወደፊት ነው። በትዕግስት ከተስተካከለ በቀን ጥቂት ሰከንዶች ድረስ ይወርዳል። እንዴት መሰላችሁ? ባላንሷን የምታወዛውዘውን የፀጉር ሞላ ውጤታማ ርዝመት የምትለውጥ ትንሽ ማንሻ አለች። ሞላው ሲያጥር ሰዓቱ ይፈጥናል፣ ሲረዝም ይዘገያል። ክፍል ውስጥ «ይሄ ውዝዋዜ ለምን ይጠቅመናል ቲቸር?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ልጆች፣ መልሱ እጃችሁ ላይ ነበር።

እንግዲህ «መገጣጠም ብቻ» የምትሉት ይሄ ነው። ከባድ ነው አልልም፤ ያለቀሰ ሰው አላየሁም። ግን ስራ ነው።

«ገጣጣሚ» የሚለው ቃል እኛ ሀገር ስድብ የሆነው መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ የሰዓትን ታሪክ ትንሽ ያነበበ ግን እንደ ስድብ አይጠቀምበትም። የስዊዘርላንድ ሰዓት ዝና የተገነባው በመገጣጠም ነው። በዡራ ተራሮች ገበሬዎች በክረምት፣ በረዶ ቤታቸው ሲያስቀምጣቸው፣ አንዱ ብሎን ይሰራል፣ ሌላው ጥርስ ያወጣል፣ ሌላው ፊት ይቀባል፤ አንድ ነጋዴ ሁሉንም ሰብስቦ ያስገጣጥምና ስሙን ይጽፍበታል። ዛሬም ቢሆን «የስዊስ ስራ» የሚለውን ጽሑፍ ለማግኘት ከ2017 ጀምሮ ሕጉ የሚጠይቀው ከማምረቻ ወጪው ቢያንስ 60 በመቶው እዚያ እንዲሆን ነው። የቀረው 40 ከየት ይምጣ? ከፈለገበት።

ሮሌክስን እንውሰድ፣ የምትሞቱለትን። ሃንስ ዊልስዶርፍ በ1905 ለንደን ላይ ከሸሪኩ ከዴቪስ ጋር ድርጅቱን ሲያቋቁም ማሽን አይሰራም ነበር። ማሽኑን ቢየን ከተማ ካለው ከኤግለር ያስመጣል፣ ቀፎውን ከሌላ፣ ገጣጥሞ ይሸጣል። ሮሌክስ የሚለውን ስም ያስመዘገበው በ1908 ነው፤ መገጣጠሙ ከስሙ ይቀድማል ማለት ነው። ያንን ለዘመናት ማሽን ያቀርብለት የነበረውን ፋብሪካ ጠቅልሎ የገዛው በ2004 ነው። ዴይቶና የሚባለው ሰዓቱ ከ1988 እስከ 2000 ድረስ ውስጡ የነበረው ማሽን የሌላ ድርጅት፣ የዜኒት ነበር፤ ሮሌክስ አሻሽሎ አስገባው። ከዚያ በፊት ደግሞ ከቫልዡ የሚገዛ ነበር። ተዋናዩ ፖል ኒውማን ያደርገው የነበረው ዴይቶና በ2017 ኒውዮርክ ላይ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጥ፣ ውስጡ ያለው ማሽን መሠረቱ ያው የቫልዡ ነው። ታዲያ ይሄ ፎርጅድ ነው? አይደለም። ሮሌክስ መርጧል፣ አሻሽሏል፣ ገጣጥሟል፣ ፈትሿል፣ በመጨረሻም ስሙን ጽፎ ኃላፊነቱን ወስዷል። ስሙ የሱ ነው።

ሁሉንም በእጁ የሰራ ሰውም አለ፣ እንዳልካድ። እንግሊዛዊው ጆርጅ ዳንኤልስ በማን ደሴት ቁጭ ብሎ የሰዓቱን ክፍሎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ራሱ ይሰራ ነበር፤ የፈጠረውን አዲስ የማሽን ስልት ኦሜጋ ከ1999 ጀምሮ በሰዓቶቹ ውስጥ አስገብቶታል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ራሴን አላወዳድርም። ግን በዳንኤልስና በአጭበርባሪ መሃል ሰፊ ሀገር አለ። እኔም፣ ፒያሳና መርካቶ የመስታወት ሳጥን ይዞ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ ጠምዶ ከሁለት የሞተ ሴኮ ፋይቭ አንድ ሕያው ሴኮ የሚያወጣው ሰዓት ሰሪም የምንኖረው እዚያ ሀገር ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ፣ ወደ ሮሌክስ ፈላጊዎቹ ልምጣ። ከእናንተ ጋር ነው ዋናው ጠቤ።

ከመካከላችሁ አንዱ (ስሙን አልጠራም፣ ጎበዝ ተማሪዬ ነበር) ለአማቱ ስጦታ ፈለገ። ጥቁር ፊት፣ ጥቁር ቀለበት፣ ዘውድና ሮሌክስ የሚል ጽሑፍ። «አይሆንም» ስለው «ቲቸር፣ ማን ይከፍተዋል?» አለኝ።

ልንገርህ ማን እንደሚከፍተው። ሰዓት ሰሪው ይከፍተዋል። ሰዓት እንደ ሸሚዝ አይደለም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዘይቱ ይደርቃል፣ መፈታትና መታጠብ ይፈልጋል። ያኔ አማትህ፣ ያ የተከበሩ ሰው፣ ሰው በተቀመጠበት ሱቅ ገብተው «ሮሌክሴን እይልኝ» ይላሉ። ልጁ ክዳኑን ይከፍታል። ኤን ኤች 35ን የማያውቅ ሰዓት ሰሪ የለም። ጎበዝ ከሆነ መክፈትም አያስፈልገውም፤ የዛሬው ሮሌክስ በአብዛኛው በአንድ ሰዓት 28,800 ጊዜ ነው የሚመታው፣ በሰከንድ ስምንት፣ የኛ ስድስት። መለኪያው ላይ ሲያስቀምጠው ወዲያው ይነግረዋል። ከዚያ ወይ ለሽማግሌው እውነቱን ነግሮ ያሳፍራቸዋል፣ ወይ ዝም ብሎ የሮሌክስ ዋጋ ያስከፍላቸዋል። አንተ እዚያ የለህም። ስጦታህ ግን እዚያ አለ።

ሌላው ደግሞ «ሮሌክስ ሀብታም ድርጅት ነው፣ የእኔ አንድ ሰዓት ምን ይጎዳዋል?» ይለኛል። እኔ መች ለሮሌክስ አዘንኩ? ሮሌክስ ጠበቃ አለው። እኔ የማስበው ሦስተኛውን ሰው ነው። ሰዓት ባለቤቱን ተሻግሮ የሚኖር ዕቃ ነው። አንተ ለቀልድ አሰርተህ ታደርገዋለህ፣ ሲሰለችህ ለጓደኛህ ትሸጠዋለህ፣ «ፎርጅድ ነው ሃሃ» ብለህ። ጓደኛህ ሲቸግረው ለሌላ ይሸጠዋል፣ ያኔ ሃሃው ይቀራል። አራተኛው ላይ ሲደርስ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ አውጥቶ የገዛው ሰው እጅ ላይ ነው። ውሸቱ ፊቱ ላይ በቀለም ታትሟል፣ ማስተባበያው ግን በአፍህ ብቻ ነበር።

እኔ ለዓመታት ፈተና ያረምኩ ሰው ነኝ። አንዱን ወረቀት ከሌላው የገለበጠ ተማሪ አውቃለሁ፣ ስሙን እንኳ አብሮ የገለበጠ አይቻለሁ (ሳቁ፣ እውነት ነው)። ስለ ፎርጅድ ዲግሪ ሁላችንም እዚሁ ፌስቡክ ላይ ጠረጴዛ እንደበድባለን። «ሀገር ያጠፋው ይሄ ነው» ትላላችሁ፣ ላይክ ታደርጋላችሁ። ከዚያ ከአስር ደቂቃ በኋላ ኢንቦክሴ ገብታችሁ የሰው ስም እንዳትምላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። «ማን ይከፍተዋል?» እና «ትራንስክሪፕቱን ማን ያየዋል?» አንድ ጥያቄ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላ ነው። ሮሌክስ ብዬ ከጻፍኩበት በኋላ ያንን ሰዓት «እኔ ገጣጠምኩት» ማለት አልችልም። ያቺ 0.2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ ያ ሞረድ፣ ሦስት ምሽት የፈጀው ማስተካከል፣ ሁሉም ከስሙ ስር ይቀበራል። አንተም «ቲቸሬ የሰራልኝ ነው» ማለት አትችልም፤ ሰው ሲጠይቅህ እጅጌህን ዝቅ ታደርጋለህ። የጄኔቫ ድርጅት ያልሰራውን ስራ ምስጋና ይወስዳል፣ የሰራው ሰው ይደበቃል። ይሄ ነው እንግዲህ ስጦታ የምትሉት?

«ታዲያ ሌላ ሰው የሰራውን ዕቃ መለወጥስ መብት አለህ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፣ ደህና ጥያቄ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሷል። ቮርቲክ የሚባል ትንሽ የኮሎራዶ ድርጅት የጥንት የኪስ ሰዓቶችን ማሽንና ፊት እያወጣ፣ እያደሰ፣ በአዲስ ቀፎ የእጅ ሰዓት ያደርጋቸዋል። ከእነዚህ አንዱ ፊቱ ላይ ሃሚልተን የሚል የድሮ ጽሑፍ ነበረበት። የሃሚልተን ስም የዛሬ ባለቤቶች ከሰሱ። በ2020 የኒውዮርኩ ፍርድ ቤት ለቮርቲክ ፈረደ፣ በ2021 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ለምን? ድርጅቱ በማስታወቂያውም በሰዓቱም ላይ ምኑ የድሮ፣ ምኑ የራሱ እንደሆነ በግልጽ ስለተናገረ፣ ገዢ የሚሳሳትበት ነገር ስላልነበረ። በተቃራኒው ቤከርታይም የተባለው የቴክሳስ ሻጭ አሮጌ ሮሌክሶችን የሮሌክስ ባልሆኑ ክፍሎች እየለወጠ፣ በስሙ ሲሸጥ ሮሌክስ ከሰሰው፤ በ2024 የይግባኙ ፍርድ ቤት የንግድ ምልክት ተጥሷል አለ። እኔ ሕግ አዋቂ አይደለሁም፣ ግን መስመሩ የት እንደሆነ ለማየት ጠበቃ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የራሴን ሰፈር ሰዎች፣ ሰዓት ገጣጣሚዎቹንም እነካለሁ፣ ይቅር በሉኝ። ይሄ የትርፍ ጊዜ ስራ በዓለም ላይ የተስፋፋው በአንድ ሰዓት ዙሪያ ነው ማለት ይቻላል፤ ሴኮ በ1996 ባወጣው ኤስ ኬ ኤክስ 007። 200 ሜትር የሚጠልቅ፣ ርካሽ፣ ጠንካራ። ማሽኑ 7ኤስ26 በእጅ አይሞላም፣ የሰከንድ ቆጣሪውም አይቆምም። ስለዚህ ሰው ማሽኑን በኤን ኤች ይለውጣል፣ ከዚያ መስታወቱን በሳፋየር፣ ከዚያ ቀለበቱን፣ ከዚያ ፊቱን። ሰዓቱ በ2019 አካባቢ መመረት ሲያቆም የሱን ቀፎ አስመስለው የሚሰሩ ሻጮች በዙ፤ ዛሬ ከማሽኑ በስተቀር አንድም የሴኮ ክፍል ሳይኖር ሰዓት ማቆም ይቻላል። ታዲያ እንዲህ ባለ ሰዓት ፊት ላይ ሴኮ የሚል ማተም ምንድነው? ብዙ ጓደኞቼ «ማሽኑ የነሱ ስለሆነ ችግር የለውም» ይላሉ። በዚህ እንለያያለን። የራሱ የሴኮ ሰዓት ከሆነና ከፋብሪካ የመጣ ፊቱን ከለቀቅክለት ስሙ ቦታው ነው። ከየቦታው በተለቀመ ቀፎ ላይ ታትሞ ሲመጣ ግን የሮሌክሱ ታናሽ ወንድም ነው። ዋጋው ዝቅ ስላለ ስሙ አይለወጥም።

«ታዲያ ምን ትጽፋለህ?» ብዙ ጊዜ ምንም። ባዶ ፊት ያምራል፣ ሞክሩት። በቅርቡ ግን የግዕዝ ቁጥር ያለበት ፊት አሳትሜ አስመጥቻለሁ፣ ሰው ከውጭ ሲመጣ። ከላይ ፲፪፣ ከታች ፮፣ በኛ አቆጣጠር ለሚያስተካክል ሰው። ቀጭን መስመሮቹ ሲታተሙ እንዳይዋጡ ሁለት ጊዜ ተስተካክሎ ነው የወጣው፤ በተለይ ፮ እና ፯ በዚያ መጠን ይመሳሰላሉ። ማሽኑን ደግሞ ቀን የሌለውን ኤን ኤች 38 አደረግሁት። ምክንያት አለኝ፦ የሰዓት ቀን መቁጠሪያ እስከ 31 ይሄዳል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በዓመት አምስት ጊዜ ማረም ይበቃል፣ በኛ ግን ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ በየወሩ፣ ከዚያ ጳጉሜን ላይ እንደገና፣ በዓመት 13 ጊዜ። ይቅርብኝ አልኩ። ለአማቱ የጠየቀኝ ልጅም ይሄንን እንዲያየው ፎቶ ልኬለታለሁ፣ «ሴን» ብሎኛል፣ መልስ ገና ነው።

ከእንግዲህ ከእኔ እጅ የሚወጣ ሰዓት ሁሉ ክዳኑ ውስጥ በኩል የማሽኑ ስም፣ የተገጠመበት ቀንና የእኔ ስም የመጀመሪያ ፊደል ይቀረጽበታል። አብሮት አንድ ወረቀት ይሰጣል፦ ማሽኑ ከየት፣ ቀፎው ከየት፣ መስታወቱ ምን፣ በቀን ስንት ሰከንድ እንደሚሳሳት። ቻይና ከሆነ ቻይና ተብሎ ይጻፋል። ሰዓቱን የምትሸጡ ቀን ወረቀቱን አብራችሁ ስጡ።

ለማሰራት የምትፈልጉ የእጅ አንጓችሁን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ፣ ቆዳ ወይስ ሰንሰለት እንደሆነ ጽፋችሁ ላኩልኝ። የውሃ ግፊት መፈተሻ ስለሌለኝ ዋና ይዛችሁ እንዳትገቡ፣ ሻወርም ቢሆን አውልቁት። ዕቃ የሚመጣው ሰው ሲመጣ ነው፣ ስለዚህ «ለሰርጉ ይደርሳል?» ብላችሁ አታስጨንቁኝ። የዘውድ ምስል ለሚልክ ሰው መልስ አልጽፍም፣ ይህን ፖስት ነው የምልክለት።